አጥልለን ያቀረብነው ቢራ

ሰኞ፣ መጋቢት 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ተራ ቀን። አራት ሰዓት ላይ በቢራ ፋብሪካችን ቅምሻ። አምስት ብርጭቆ ቀረበልን። ሦስተኛው የእርጥብ ወረቀት ሽታ ነበረው። አለቃዬ ሚደቅሳ፣ ፕራግ ድረስ ሄዶ ስለ ቢራ የተማረው፣ መጀመሪያ አልሸተተውም። ደግሞ አሸተተና "ልክ ነህ" አለኝ። ደስ አለኝ። ዕድሜዬ ሃምሳን አልፎ እንኳ "ልክ ነህ" ሲሉኝ እንደ ተማሪ ነው የሚያደርገኝ...

ሁዳዴ ስለሆነ አልዋጥኩም። ተፋሁ። የንስሐ አባቴ "ካልዋጥከው ሥራ ነው፤ ከዋጥከው ግን አንተው ታውቃለህ" ብለውኛል። ምን ማለታቸው እንደሆነ እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

ማታ ወደ ጌጃ ሰፈር ስገባ ፀሐይቱ በሯ ላይ ቆማለች። ቤቷ ከቤቴ ፊት ለፊት ነው። ጠላ ትሸጣለች። ሰፈሩ ውስጥ ጠላ ሲባል የሷ ነው።

"ጋሽ ገብረጊዮርጊስ፣ ዛሬስ አይገቡም? ጉሹ ደርሷል።"

"ሥራ አለብኝ ወይዘሮ ፀሐይቱ። ምላሴን ስለምጠብቅ..."

"ምላስዎ ምን ሆነ? ከትርፍ ቤት ጋር አብሮ ተወረሰ እንዴ?"

ውስጥ የነበሩት ጠጪዎች በሳቅ ፈነዱ። እኔም መሳቅ ነበረብኝ። ጆሮዬ ጋለ እንጂ አልሳቅኩም። ቤቴ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የሳቅኩት።

ግን እውነቴን ነው። ቀማሽ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በርበሬ የለ፣ ሽንኩርት የለ፣ ጠላ የለ። እሑድስ? እሑድ ለምን አልገባም? እሑድ... እፈራለሁ። እወዳታለሁ። ይኸው ጻፍኩት። የሷም ባል ከሞተ ቆየ፣ የኔም ሚስት ከሞተች ቆየች። ሦስት ዓመት ሙሉ ደጇን ስመላለስ አንድ ቀን ጠላዋን ያልቀመስኩላትን ሴት በምን አፌ ሽማግሌ ልላክባት?

ረቡዕ፣ መጋቢት 14

ሩዲ ዛሬ ጉድ ይዞ መጣ። ጠርሙስ ማጠቢያ ማሽኑን ሊተክልልን ከጀርመን የመጣው ረጅሙ ሰውዬ ነው። በላቦራቶሪያችን በር ሲገባ ሁልጊዜ ጎንበስ ይላል፤ አንዳንዴ ይረሳና በሩ ግንባሩን ይመታዋል። አገሩ ደርሶ ተመልሶ ስድስት ጠርሙስ ቢራ አመጣ። እያንዳንዱን በካልሲ ጠቅልሎ! ወንድሙ በገጠር ቤቱ የሚጠምቀው ነው አሉ። ብርቱ የስንዴ ቢራ።

ሚደቅሳ ከእንግሊዝኛ ይተረጉምልናል። "ሐቁን ንገሩኝ ይላል። ወንድሜ የኢትዮጵያ ቀማሾች ምን አሉ ብሎ ይጠይቀኛል ይላል።" ሁላችንም ደረታችንን ነፋን። ሩዲ ከዚያ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ድሬዳዋ ሌላ ማሽን ሊያይ ሄደ። በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል።

ማታ አብነት ሰፈር፣ ኑሪ ሱቅ ቆሜ ለኑሪ ነገርኩት። ኑሪ የልብ ወዳጄ ነው። መጠጥ የሚባል በአፉ አይዞርም፤ የመጠጥ ወሬ ግን ይወዳል።

"ከስንዴ? እኛ ለአንድ ኪሎ ዱቄት ቀበሌ ሱቅ ደጃፍ እየተሰለፍን?"

"ከስንዴ።"

"ታዲያ ዳቧቸውን በምን ሊጋግሩት ነው?"

ይሄን እኔም አላሰብኩትም።

ዓርብ፣ መጋቢት 16

የሩዲን ቢራ ከፈትነው። ሚደቅሳ ወደ ብርጭቆ ቀዳው።

ደፍርሷል። እንደ ጎርፍ ውሃ። ከታች ነጭ ነገር ይንሳፈፋል።

የቤታችን ደንብ የታወቀ ነው። የደፈረሰ ቢራ አይቀመስም፣ ይደፋል። ሚደቅሳ "መንገድ ላይ ሞቆት ተበላሽቷል" አለና ሙሉውን ጠርሙስ ቧንቧው ሥር ገለበጠው። ሲደፋ አንድ ሽታ ሽው አለብኝ። ሙዝ? ሞኝ! ቢራ ውስጥ ሙዝ ምን ይሠራል?

አሁን የጨነቀን የሩዲ ነገር ነው። በካልሲ ጠቅልሎ፣ ባሕር አሻግሮ ያመጣውን "ተበላሽቷል" ብለህ እንዴት ትነግረዋለህ? ሚደቅሳ "አንተ ንገረው" ይለኛል። እኔ እንግሊዝኛ አልችል። እሱም ይሄንኑ ፈልጎ ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 17

መላ መጣልኝ! ለምን አናጠልለውም? ጠላ ሲደፈርስ ምን ይደረጋል? ያልተጠለለው ጉሹ ለቤተኛ ነው፣ ለክብር እንግዳ ግን ይጠለላል። ቢራስ ቢሆን? ጥርት አድርገን ካቀረብንለት ሰውየውም አያፍርም፣ እኛም አናፍርም። ሚደቅሳ ትንሽ አመነታና "የፋብሪካው ማጣሪያ ለአምስት ጠርሙስ አይነሳም፤ ማን ያጠልለዋል?" አለ።

ማን ያጠልለዋል? በዚህ ሰፈር ይሄ ይጠየቃል?

ደጇን ለመርገጥ ምክንያት ስፈልግ ነው ይሄን ሁሉ ያሰብኩት? አዎ። ምን አለበት።

ገባሁ።

"ዛሬ ከየት ፀሐይ ወጣች!" አለች ፀሐይቱ።

ነገሩን አስረዳኋት። አንዱን ጠርሙስ ብርሃን ላይ አንስታ አየችው። ሳቀች። "የፈረንጅ ቢራ ላጥልል? እኔ?" ኋላ ፊቷ ኮስተር አለ። "ይሁን። አገሩን ለቆ የመጣ ሰው ነው። ደፍርሶ አይቀርብለትም። እኔ ቤት ይምጣ፣ እዚሁ ይስተናገድ።"

እዚሁ ይስተናገድ! እሷ ቤት! እኔም አብሬ!

ሐሙስ፣ መጋቢት 22

ሩዲ ተመለሰ። ለቅዳሜ ጋበዝነው። ሸሚዜን አሳጠብኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 24

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይቱ ቤት። ሩዲ፣ ሚደቅሳ፣ እኔ። ሌላ ጠጪ አላስገባችም። አግዳሚው ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፋለች፣ ወለሉ ላይ ቄጠማ ጎዝጉዛለች። ለፋሲካ እንኳ እንዲህ የምታደርግ አይመስለኝም።

ሦስቱን ጠርሙስ ከጠዋት ጀምራ አጥልላዋለች። ሁለት ጊዜ! በአዲስ አቡጀዲ! በጆግ አቀረበችው። ጥርት ያለ ነው፣ አረፋ የሚባል ግን የለውም። ለሩዲ ቀዳችለትና እጇን አጣምራ ቆመች።

ሩዲ ጎንጨት አለ። ብርጭቆውን አየው። ደግሞ ጎንጨት አለ። ለሚደቅሳ የሆነ ነገር ነገረው።

"ጥሩ ነው ይላል። ግን ምንድነው? ከምን ፍሬ የተጨመቀ ነው ይላል።"

"ቢራ ነው በለው እንጂ" አልኩ።

"የማን ቢራ ነው ይላል።"

"የወንድሙ!"

ሩዲ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ፀሐይቱ ገመድ ላይ ያሰጣችውን አቡጀዲ አምጥታ ፊቱ ዘረጋችለት። ነጭ ዝቃጭ ተለጥፎበታል። በኩራት "ይኸው! ይሄን ሁሉ ቆሻሻ ነው ያወጣሁለት" አለችው። አቡጀዲውን አየ። እሷን አየ። እኔን አየ። ያለቅሳል ብዬ ስፈራ... ሳቀ! ሰውየው ሲስቅ አግዳሚው ከነሚደቅሳ ተነቃነቀ። እንባው ወረደ። ጉልበቱን እየመታ የሚለውን ሚደቅሳ በስንት መከራ ተረጎመው።

"ቆሻሻ ያላችሁት እርሾው ነው ይላል። ዋናው ቢራ እሱ ነው ይላል። ቢራው አቡጀዲው ላይ ቀርቷል ይላል!"

ፀሐይቱ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። አፈረች ብዬ ነበር። ለካስ እየሳቀች ነው። እኔም ለቀቅኩት። እንዲህ ከሳቅኩ ዘመን የለኝም።

ሁለት ጠርሙስ ቀርቶን ነበር። አንዱን ሩዲ ራሱ ከፈተው። ብርጭቆውን በውሃ አለቀለቀ። አዘንብሎ ቀስ እያለ ቀዳ። ከታች ትንሽ ሲቀር ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ወዲያ ወዲህ አንከባለለው፣ ከዚያ ዝቃጩን ሁሉ ከነነፍሱ ከላይ ደፋበት። አረፋው ተነሳ... ተነሳ... ከብርጭቆው አፍ በላይ ቆመ እንጂ አልፈሰሰም።

አሸተትኩ። ሙዝ! ሙዝ ነው! ቅርንፉድም አለበት። ያን ዕለት ቧንቧው ሥር ምን ብዬ ነው ራሴን ሞኝ ያልኩት? አፍንጫዬ ሐቁን ሲነግረኝ ያላመንኩት እኔ።

ቀመስኩ። ዋጥኩም፤ ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ። ጣፋጭ፣ ወፍራም፣ ሆድ ድረስ የሚሞቅ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ፀሐይቱ ከሚደቅሳ ብርጭቆ ተቀብላ አንድ ጊዜ ሳበችና ጮኸች። "ውይ በሞትኩት! ይሄ እኮ ጉሽ ነው! ፈረንጆቹም ጉሽ ይጠጣሉ!" ወዲያው ከጋኗ ቀድታ ለሩዲ ሰጠችው። ጨልጦ ጣሳውን ዘረጋላት። ድገሚኝ ማለት በየትኛው አገር ነው የማይገባው?

ከዚያ አንድ ጣሳ ሞላችና እኔ ፊት አስቀመጠች። ሁሉም ያዩኛል...

ቀሪውን ነገ እጽፋለሁ። ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 25

ጠጣሁት። መረረኝ። አፌ ሳያማክረኝ "ጌሾው በዝቷል" አለ።

"እንዴት አሉኝ?"

እዚያ ላይ ቀልጄ ማለፍ እችል ነበር። ምን አደረግኩ? አብራራሁላት! "ጌሾ ሲበዛ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ሌላውን ጣዕም ሁሉ..." ሚደቅሳ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። አልቆምኩም። እንደ ደንቡ ጨረስኩት።

ጣሳውን ከእጄ ላይ ወሰደች። ደጃፉ ላይ ደፋችው።

"ጋሽ ገብረጊዮርጊስ፣ ሦስት ዓመት ደጄን አልፈው ሲሄዱ የጠሉኝ መስሏቸው ስንቶቹ ሲያሙዎት ስከላከልልዎ ኖርኩ። እናቴ በዚህ ጠላ ነው ያሳደገችኝ። በሉ፣ ደህና ይዋሉ።"

ሲያሙኝ ስትከላከልልኝ ኖራለች? ለኔ? ይሄን ያወቅኩት ስባረር ነው።

ምላሴን ቆርጬ ብጥለው በወደድኩ።

ሰኞ፣ መጋቢት 26

የዛሬው ቅምሻ ላይ አንዱ አዲስ ሠራተኛ ብርቱውን ቢራ መጀመሪያ ደረደረ። "ምን ነካህ?" ብዬ ጮህኩበት። "ቀላሉ ይቀድማል፣ ብርቱው ይከተላል! ጣፋጭ ከቀደመ በኋላ የቀመስከው ሁሉ ይመ..."

ይመራል።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሚደቅሳም ገብቶታል፤ አንገቱን እየነቀነቀ ሳቀብኝ። ያንን ጣፋጭ የስንዴ ቢራ ጠጥቼ፣ አፌን በውሃ እንኳ ሳልጉመጠመጥ የሷን ጠላ ቀመስኩ! ስንቱን ጀማሪ ሳስተምረው የኖርኩትን ሕግ! በደስታ ሰክሬ ነው። ያለ ጥፋቷ ነው የፈረድኩባት። ጠላው ጥሩ ይሁን መጥፎ እስካሁን አላውቅም። የማውቀው ፍርዴ ፍርድ አለመሆኑን ነው።

እንደገና መቅመስ አለብኝ። በንጹሕ አፍ።

ዓርብ፣ መጋቢት 30

ሰላም አልኳት። ፊቷን አዞረችብኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 2

ከቅዳሴ ስትወጣ ጠበቅኳት። በሌላ በር ወጣች።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 3

የመጨረሻዋን ጠርሙስ ዛሬ በደንቡ ቀመስናት። ለሩዲ ወንድም የሚላክ ቃላችንን ሚደቅሳ ይተረጉመዋል። እንዲህ አልኩ።

መልኩ ያልጠራ ብርዝ ነው፤ አያሳፍርም፣ መሆን ያለበት እንደዚህ ነው። አረፋው ወፍራም፣ ቶሎ የማይከዳ። ሽታው የበሰለ ሙዝ፣ ቅርንፉድ፣ ከሥር ደግሞ ኩፍ ያለ ሊጥ። አፍ ሲገባ ይጣፍጣል፣ መሐል ላይ ደረት ያሞቃል፣ ሲወርድ መራራው በጣም ትንሽ ነው፤ ለኔ ትንሽ ቢጨመርለት እወድ ነበር። ብርታቱን ይደብቃል። ይሄ ምስጋናም ነው፣ ወቀሳም ነው። አንድ ብርጭቆ ያስደስታል፣ ሁለተኛው ያዘፍናል፣ ሦስተኛው ላይ ሰው ቤቱ ቅርብ ቢሆን ይሻለዋል።

ሚደቅሳ "ይሄ የመጨረሻው በቅምሻ ሕግ የለም" አለ። ሩዲ ግን እሱን ነው ከሁሉ የወደደው።

ሁዳዴ ነውና ተፋሁት። የዛሬው መትፋት እንዴት ከበደኝ!

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 8

ኑሪን ላክኩት። "ስህተቴ ይሄ ነው፣ እንደገና ልቅመስልሽ ይልሻል በላት" ብዬ። ሱቁን ዘግቶ ሄደልኝ። ቆይቶ መጣ። ፊቱን ሳየው ምንም አይነበብም። ነጋዴ!

"ምን አለች?"

"ሰው ፊት ነው የሰደበኝ፣ የሚክሰኝም ሰው ፊት ነው አለች። የግንቦት ልደታ ዕለት፣ ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ሲወጣ ይምጣ አለች።"

"ሌላስ?"

"ደግሞ ለማስደሰት ብሎ ቢዋሽ አውቃለሁ አለች።"

ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 30 ነው፣ ልደታ ደግሞ በማግሥቱ ሰኞ። ማለት... ዶሮው? ቅቤው? በርበሬው? ይሄ ሁሉ ሁዳዴ ተጾሞ?

እሺ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 30። ፋሲካ

እንኳን አደረሰኝ።

እንዳለች ከምትባለው እህቴ ቤት ነበርኩ። ዶሮው ቀረበ። ሽታው እንዴት እንደሆነ አልጽፍም፤ መጻፉ ራሱ ይፈትነኛል። በተቀቀለ እንቁላልና በዳቦ ጾሜን ፈታሁ። ያለ ሚጥሚጣ። እንዳለች በድንጋጤ ልትፈነዳ ነበር።

"ታመሃል። ተነስ ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"አልታመምኩም።"

"በፋሲካ ዶሮ እምቢ የሚል ጤነኛ የት አለ? ወይስ ሃይማኖትህን ለወጥክ?"

ነገ የፀሐይቱን ጠላ እንደምቀምስ ነገርኳት። አፏን ይዛ አየችኝ። ለጎረቤቶቿ ለመንገር ጊዜ አልፈጀባትም። ከሰዓት ኑሪ "እንኳን አደረሳችሁ" ሊል ብቅ ሲል ወሬው አብነት ደርሶ ነበር። "ቀማሹ ለጠላ ብሎ ዶሮ ጾመ እያሉ ነው" አለኝ። ይበሉ። እውነት ነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 1። ልደታ

ፈቃድ ወስጄ ዋልኩ። ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጥቷል። ንፍሮው በትልቁ ድስት ይንተከተካል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ ሴቶቹ ይጨፍራሉ። ሩዲም መጥቶ ዱካ ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሷል። ሚደቅሳ አለ፣ ኑሪ አለ፣ እንዳለች አለች።

አፌን በውሃ ተጉመጥምጬ፣ የፋብሪካውን ብርጭቆ ይዤ ቀረብኩ።

"ጣሳ አነሰዎት?" አለች ፀሐይቱ።

"መልኩን ለማየት ነው።"

አንዱ ከኋላ "የቀበሌ ኦዲተር መጣ!" አለ። ተሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ቀዳች።

አየሁ። አሸተትኩ። ቀመስኩ። ዋጥኩ። ጌሾው... መጣ፣ ቦታው ላይ ተቀመጠ፣ ደህና ሁኑ ብሎ ሄደ። ልክክ ያለ! እንዴት ያለ እጅ ነው!

"ጌሾው ልክ ነው!" አልኩ ሁሉም እንዲሰማ። "ያን ዕለት ጥፋቱ የኔ ነው። ብርቱና ጣፋጭ ቢራ ጠጥቼ አፌን ሳላጥብ ነው የቀመስኩት። ወይዘሮ ፀሐይቱ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።"

እልልታው ቀለጠ። ሩዲ አውራ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ። ፀሐይቱ ግን ወገቧን ይዛ እንደቆመች ናት።

"ሌላስ?" አለች።

ሌላ ነበር። ከምላሴ ጀርባ ላይ የቀረ ነገር። ልበለው? እንዳለች በዓይኗ "ዋ!" ትለኛለች። ሚደቅሳ ራሱን ይነቀንቃል። ይቅርታ ተደርጎልኛል፣ ሰው እልል ብሏል፣ እዚህ ላይ ዝም ብል ነገ ሽማግሌ እልካለሁ። ዝም ብል... ግን ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን ሙሉ የምትሰጠኝን እየጠጣሁ ልዋሻት ነው?

"ጭሱ በዝቷል" አልኩ። "ጋኑ ሲታጠን ወይራው ከልክ አልፏል።"

አንድ ሰው "ኧረ ይሄ ሰውዬ!" ሲል ሰማሁ። አለቀልኝ አልኩ።

ፀሐይቱ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። በነጠላዋ አፏን ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ትስቃለች!

"ትናንት ስቀዳው ነው ያወቅኩት" አለች። "ጋኑን ያጠንኩት ይሄን ቀን እያሰብኩ ነው። ልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ ወይራውን አበዛሁት። ልደፋው ነበር። ኋላ፣ የለም ይቅረብለት አልኩ። ጥሩ ነው ካለኝ የጌሾውንም አላምነውም። ጭሱን ካገኘው ግን..." አልጨረሰችውም።

"ካገኘውስ?"

ተነስታ ገባች። ክዳን ያለው ሳህን ይዛ ወጣች። ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። የፋሲካው ዶሮ። እግሩም፣ እንቁላሉም።

"ከትናንት አስቀምጬልህ ነው። በል ብላ፣ ምላስህ ሥራውን ጨርሷል።"

አስቀምጬልህ። ብላ። "እርስዎ" የሚባለው ሰውዬ የት ሄደ? ዓይኔ እንባ ሞላ። ሰው ሁሉ የበርበሬው መስሎት ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 14

ሽማግሌ ላክኩ። ኑሪ፣ ሚደቅሳ፣ ሩዲ። ፈረንጅ ሽማግሌ! ኑሪ ነው ግድ ያለው። "ነገሩን የጀመረው እሱ ነው፣ ይጨርሰው" ብሎ። ጋቢ አለበስነው። ጉልበቱ ላይ ነው የደረሰው።

የተላኩት ሰንጋ ተራ፣ አጎቷ አባባ ወልደገብርኤል ቤት ነው። እኔ ኑሪ ሱቅ ሆኜ ጠበቅኩ። የሚገዛ ሰው ሲመጣ የምሸጠው ነገር ዋጋ ጠፍቶብኝ "በኋላ ተመለስ" እያልኩ።

ኑሪ እንደነገረኝ፣ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም ስላሉት ሩዲ ቀጥ ብሎ ቆመ። ራሱ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። አባባ ወልደገብርኤል ቀና ብለው አይተውት "ይሄኛው ቶሎ ካልተቀመጠ አንገቴ ሊሰበር ነው፤ በሉ ተናገሩ" አሉ። ተናገሩ። አባባም እንደ ወጉ "ዘመድ እናማክር፣ በሳምንቱ ተመለሱ" ብለው ሸኟቸው።

ሩዲ ግን እንቢ የተባልን መስሎታል! ከሩቅ ሳየው ጋቢውን እየጎተተ፣ ዓይኑ ቀልቶ ይመጣል። አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ትከሻዬን ይደበድባል፣ በራሱ ቋንቋ ያጽናናኛል። እኔም ደንግጬ ማልቀስ ልጀምር ስል ኑሪና ሚደቅሳ ከኋላው በሳቅ ተደጋግፈው ደረሱ። የመጀመሪያው ቀን እንደዚህ ነው ብሎ ማንም አልነገረውም።

እሑድ፣ ግንቦት 21

ተመልሰው ሄዱ። ሩዲ የመሳፈሪያውን ቀን በራሱ ፈቃድ ገፍቶታል።

አባባ ወልደገብርኤል ፀሐይቱን አስጠርተው ሽማግሌዎቹ ፊት ጠየቋት አሉ። "ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ጠላሽን ሁለት ጊዜ የነቀፈ ነው። ምኑን አይተሽ ነው?"

እሷም "ስንቱ ጠላዬን አመስግኖ ተበድሮኝ ጠፋ። እሱ የተሳሳተ ዕለት እንኳ ያመነበትን ነው የተናገረው። ከእሱ ጋር ስኖር ልቤ አይጠራጠርም" አለች።

ኑሪ ይሄን ሲነግረኝ ሁለቴ አስደገምኩት። ሦስተኛ ስጠይቀው "ራሷን ጠይቃት፣ ከእንግዲህ ቤተኛ ነህ" አለኝ።

ሠርጉ ለሰኔ ነው። ትንሽ ይሆናል። ሩዲ ወንድሙ አንድ ሣጥን እንዲልክ ስልክ ደውሏል። ፀሐይቱ "እንዳይጠለል በሉ!" ብላ አስጠነቀቀች።

ሰኞ፣ ግንቦት 22

ቅምሻ። አምስት ብርጭቆ። ለአምስቱም ሙሉ ነጥብ ሰጠሁ።

ሚደቅሳ ወረቀቴን አየና አራተኛውን ብርጭቆ አነሳ። "ይሄን እኮ ለፈተና ብዬ ነው ያስገባሁት። ፀሐይ ላይ ያቆየሁት ቢራ ነው። ይሸታል!"

ደግሜ ቀመስኩት። "ይጣፍጣል" አልኩ።

"ዛሬ አንተ ምላስ የለህም" አለና ወረቀቱን ቀደደው። "ተነስ፣ ሂድ ቤትህ!"

"የቱ ቤቴ?" አልኩት።

ሳቀ። ቀጥ ብዬ ፀሐይቱ ጋ ሄድኩ።